ሚካኤልን ያስፈቀደችው እናቴ

"በሚካኤል ቀን ነዶ እየሰበሰባችሁ በረዶ ልታወርዱብን ነው?" ብሎ ጮኸብን ጎረቤታችን ጋሽ አለሙ።

ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የታጨደው ጤፋችን ገና ማሳ ላይ ነው።

እናቴ ቀና እንኳን አላለችም። "ጠዋት ቤቱ ሄጄ፣ ተሳልሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ያልከለከለኝን አንተ ማን ነህ?"

(እኔ ከማርቆስ ከተማ የመጣሁት ለንግሡ ነበር። ነጠላዬ ገለባ በገለባ ሆኗል።)

ከምረን ሸራ እንዳለበስነው ነጎድጓዱ ቀረበ። ጋሽ አለሙ አጥሩ ጋ ቆሞ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ያልተሰበሰበ ነዶውን ያያል።

እናቴ የተረፈውን ሸራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እሱ ማሳ ገባች። "ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ አንተ ነዶውን ያዝ!"

ያዘ።

አሁን በረዶው ቆርቆሯችንን እየቀጠቀጠ ነው። ይቀጥቅጥ! ሁለቱም ክምር ደህና ነው።

እናንተስ? በዓል ሻራችሁ ብሎ ጮሆባችሁ፣ ኋላ አብሯችሁ ነዶ የተሸከመ ጎረቤት የላችሁም?