የቅጠል ሰዎችን ልናመሰግን ማሴዶን የወጣን ቀን

ቆይ ቆይ! «አንተ ደግሞ ምን አውቀህ ነው ስለ ቅጠል የምታወራው?» ያልከኝ የያራቪል ሰፈሩ ልጅ፣ ዝም ብለህ ስማ። «ውሸታም ነው፣ ከአልጋው ወርዶ አያውቅም» ያላችሁም አላችሁ። እሺ፣ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ እሱንም አወራላችኋለሁ። ግን ማሴዶን ተራራ አልሄደም የሚል ካለ፣ እግሬ እስካሁን እንደ እንጨት ደርቋል፣ መጥታችሁ ንኩት።

የቅጠል ሰዎች እነማን መሰሏችሁ? ሜልቦርን ውስጥ በሚያዝያና በግንቦት ብርዱ ገብቶ ዛፉ ቀለም ሲቀይር፣ ማንም ሳይከፍላቸው እየዞሩ ፎቶ አንስተው ስልክ ላይ ግሩፕ ውስጥ የሚለጥፉ ናቸው። «ይሄ ገና አረንጓዴ ነው፣ ያኛው ግማሹ ቀልቷል፣ እዚያ ማዶ ረግፏል፣ አትልፉ» ይላሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። አንድ ሕግ አላቸው፤ በዕለቱ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ነው የምትለጥፈው። ቅጠሉን ይዘህ እጅህም ፎቶው ውስጥ መታየት አለበት። ግሩፑ ውስጥ ካለነው አበሾች አንደኛ እኔ ነኝ። ሌላ አበሻ የለም፣ ቢሆንም አንደኛ ነኝ።

ጋሼ ንጉሤ፣ ብሬብሩክ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት አብረውኝ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ቀኙም እየሄደ ነው። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። አንድ ቀን «ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ ቀና ብዬ ዛፍ አላየሁም። ሳይጨልምብኝ ያንን ቀይ ቅጠል አንዴ አሳየኝ» አሉኝ።

የሥራ ሺፍት ደራርቤ በድካም ሞቼ ስለነበር ከከተማ ውጭ ያለው ማሴዶን ድረስ ሄጄ ማጣራት አቃተኝ። ግን እኔ አላየሁም እላለሁ? «ትናንት አይቼዋለሁ ጋሼ፣ የማሴዶን መንገድ በሙሉ እሳት ነው!» አልኳቸው። ይባስ ብዬ አምና ያነሳሁትን ፎቶ «ዛሬ፣ ሙሉ ቀይ» ብዬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ጋሼና እኔ ለቅዳሜ ተቀጣጠርን፤ የቅጠል ሰዎቹንም እዚያው አግኝተን ልናመሰግን።

አርብ ከሰዓት ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት፣ እኔ እትዬ ማርጋሬት ነው የምላቸው፣ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ዛሬ ወጥቼ አየሁ። የማሴዶን ትልቁ መንገድ ዛፍ ሁሉ ረግፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አንድ የሜፕል ዛፍ ግን አሁንም ቅጠል አለው። ንፋስ እየመጣ ነው፣ የምትመጡ በጠዋት ኑ።» ስለ እኔ ፎቶ አንድ ቃል የለም። እሱ ነው ውስጤን የቆረቆረኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ሌሊቱን ሠርቼ፣ ቢጫ የሥራ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ ጋሼን ይዤ በአውቶብስ ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ወረድን። ጋሼ ሳምቡሳ ቤቱ ሳይከፈት አንሄድም አሉ። «እነዚህን የቅጠል ሰዎችህን ባዶ እጃችንን ነው እንዴ የምናመሰግነው?» ሃያ አራት ሳምቡሳ፣ አንዱ ሦስት ዶላር፣ ካርቶኑን ተሸካሚ እኔ።

የማሴዶኑ ባቡር ውስጥ ወዲያው እንቅልፍ ጣለኝ። ጋሼ በከዘራቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ልታሳየኝ ነው ወይስ ልትተኛ ነው የመጣኸው?» ሰንበሪ የሚባለውን የዳር ሰፈር ስናልፍ ከተማው አለቀ፤ ደረቅ ሣርና በግ ብቻ። ንፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል። ስልኬን ሳይ ግሩፑ ላይ አንዱ «ሜፕሉ እየተራገፈ ነው» ብሏል። ስልኩን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ማሴዶን ጣቢያ

አውቶብስ ይኖራል ብዬ ነበር፤ የለም። እሱንም አላጣራሁም። ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ጋሼ በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ፣ እኔ እሳቸው ሳይቆሙም እቆማለሁ። በመጨረሻ ካርቶኑን መሬት አስቀመጥኩና፣ «ጋሼ፣ አላየሁትም። ፎቶው የአምና ነው» አልኳቸው።

ከዘራቸውን መሬት ተከሉ። ከዚያ «እኔስ ዓይኔ ነው የከዳኝ። አንተ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ካርቶኑን መልሼ ተሸከምኩ።

አንዲት ትንሽ መኪና አጠገባችን ቆመች። ሹፌሯ አሮጊት፣ የግሩፑ ብቸኛ አበሻ መሆኔን አውቀው ነው መሰለኝ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጃኬቴን ሳይሆን አውራ ጣቴን አዩ።

«ፕላስተሩ ተነሳልህ?»

«የቱ ፕላስተር?»

«ሰማያዊው። አምናም በዚያው ጣት ለጥፈህ ነበር። ዘንድሮም ፎቶህ ላይ ሳየው፣ ይሄ ልጅ ቁስሉ ዓመት ሙሉ አልዳነም ብዬ አዘንኩ።»

እትዬ ማርጋሬት ናቸው! ለጋሼ ፕላስተሩ የአምናው ፎቶ ላይ እንዳለ ስነግራቸው ከዘራቸውን ይዘው እስኪያስሉ ሳቁ። እትዬ ማርጋሬት ግን አልሳቁም። «ሰው አምኖህ እንዳይመጣ ብዬ ነው ትናንት በዚህ ጉልበቴ የወጣሁት» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ከጋሼ ጋር መኪናቸው ውስጥ ገባሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ

ዛፉ ከላይ ራሰ በራ ሆኗል፣ ከታች ግን ቀዩ አለ። ጋሼ አፍንጫቸው ቅጠሉን እስኪነካ ተጠግተው ቀኝ ዓይናቸውን ወደ ቀዩ አዞሩ። ቆዩ። ንፋሱ ባርኔጣቸው ላይ ቅጠል ያራግፋል።

«የበርበሬ መልክ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ዝናብ ውስጥ ከፊትህ ያለ መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚበራው፣ እሱን ነው የሚመስለው።»

አምስት ስድስት የቅጠል ሰዎች ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ቆመዋል። መንገድ ላይ ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። «ሶሪ። ቴንክዩ ፎር ሉኪንግ» ብቻ ወጣኝ፤ ስላያችሁልን እናመሰግናለን ማለቴ ነው። ሳምቡሳው ሻዩ ሳይቀዳ አለቀ። አንዱ ሽማግሌ በቃሪያው አልቅሶ ሁለተኛ አነሳ።

ከዚያ ፎቶ አነሳሁ። እጁ የጋሼ ነው። «ዛሬ፣ አንድ ዛፍ፣ ግማሹ ቅጠል ገና አለ» ብዬ ለጠፍኩ። በሕይወቴ እንደዚህ አጭር ጉራ ነዝቼ አላውቅም።

ስንመለስ ሁለታችንም ተኝተን ፉትስክሬይን አልፈን መሀል ከተማ ነቃን። ቤት ስንደርስ ጫማዬን የማወልቅበት አቅም አልነበረኝም። ከእንግዲህ ያላየሁትን አይቻለሁ አልልም፤ እኔ ስተኛ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው ዳገት የሚወጡት።

አሁንም አታምኑኝም? እትዬ ማርጋሬትን ጠይቁ። በቃሪያ ያለቀሰውን ሽማግሌ ጠይቁ። ወይም ብሬብሩክ ኑና ጋሼን ጠይቁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀለሙን ይነግሯችኋል።