የንጉሡ አርባ

ባለፈው ሰኔ የልጄ መዋዕለ ሕፃናት የዓመቱን መዝጊያ ሲያከብር የክብር እንግዳ ሆነው የመጡት ኦቦ ደበላ ነበሩ። እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሕፃን የተረት መጽሐፍ እየሰጡ ጉንጭ ይስማሉ። ለልጄ የደረሳት ባለ ሥዕል ነው፤ ደመና ላይ ስላለች አገርና፣ መንገድ ላይ ሲገናኝ ባርኔጣ ስለሚለዋወጥ ሕዝብ ያወራል። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ጨበጡና፣ "ልጆች ምናብ ያስፈልጋቸዋል! ምናባቸውን አትግደሉባቸው!" አሉ። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጆቼን ሻርፔ ውስጥ ከተትኳቸው።

እኛም አገር ነበረን። እኛ ስል እኔና ሌሊሳ ማለቴ ነው። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከደብረ ብርሃን አምቦ ሲመጣ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ሌሊሳ የጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴዋ ልጅ ነው። እሱ ይሥላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃል ሲጠፋኝ ከእሱ ቋንቋ እወስዳለሁ፣ ሲጠፋው ከእኔ ይወስዳል፤ ማን ከማን እንደተበደረ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

አገሪቱን ያገኘናት ወንጪ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባን ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ላይ ተጣብቀን ሄድን። ገብሱ እየታጨደ ነበር፤ አቧራውና የጭዱ ሽታ እስከ ማታ ጉሮሯችን ውስጥ ቆየ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን የቋጠርነውን ጨጨብሳ በጣታችን እየበላን ቁልቁል ሐይቁን አየን። ደሴቷ ላይ ገዳም እንዳለ እናውቃለን። ሌሊሳ ግን ቅቤውን ከጣቱ እየላሰ፣ "እዚያ ንጉሥ ቢኖር ግብሩን በምን ይሰበስባል?" አለኝ። "በቀልድ" አልኩት። በቃ፣ አገሪቱ ተመሠረተች።

በዚያች አገር ግብር የሚከፈለው በቀልድ ነበር፤ ንጉሡን ያላሳቀ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። የእስር ቤቱ ቁልፍ እስረኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ ገንፎው ስለሚጣፍጥ ማንም አይወጣም። ንጉሡ መብረቅ የሚፈራ አጭር ሰውዬ ነበር። መብረቅ ሲጮህ የሚሸሸገው ዝሆኑ ሆድ ሥር ነው። የዝሆኑ ስም አርባ ነበር። በኦሮምኛ አርባ ማለት ራሱ ዝሆን ማለት ነው፤ ስም ለማውጣት ብዙም አልደከምንም።

የአማርኛ መምህራችን ከቢሮው አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጥግ ፈቀዱልን፤ ሰኞ ሰኞ አንድ ገጽ እንለጥፋለን። ዘጠነኛ ክፍሎች ከሰልፍ በፊት ይጋፉ ነበር። ሌሊሳ ከኋላ ቆሞ ፊታቸውን ያይና፣ የት ቦታ እንደሳቁ ይዞ ይመለሳል። ማትሪክ አልፎ አዲስ አበባ ሥዕል ሊማር ነበር ሐሳቡ። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ እናቱም ይህንኑ ተስፋ አድርጋ ሽንኩርቷን ትሸጥ ነበር።

የካቲት ላይ አርባን ጉንፋን ያዘው። ሌሊሳ የዚያን ሰኞ ገጽ ሲሥል፣ ነፋስ እንዳይመታው የአገሩ ሰው ድንኳን ተክሎለታል፤ በትልቅ ድስት አጥሚት ይፈላል፤ ሴቶቹ ነጠላ አጣፍተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። በሽተኛው ድንኳኑ ውስጥ ነው፣ አይታይም። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ እንዲጨነቁ ብለን ነው። እኔ ደግሞ ከላይ በትልቁ ርዕስ ጻፍኩበት፤ "የንጉሡ አርባ"።

ድንኳን፣ ድስት፣ ነጠላ፣ የንጉሡ አርባ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ እንደሚያነበው መናገር አያስፈልገኝም፤ የአርባ ቀን ተዝካር ነው፣ ንጉሡ ሞቷል። በዚያ ዓመት ደግሞ በከተማችን የእውነት ድንኳን በዝቶ ነበር። ማን ሞተ ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከአንድ ቢሮ የመጣ እንግዳ በሰሌዳው በኩል ሲያልፍ አነበበው። የማን አርባ እንደሆነ፣ ንጉሡስ የተባለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ከምሳ በፊት ኦቦ ደበላ ዘንድ ተጠራን። ገጹ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ እንግዳው በር ላይ በስልክ ያወራል።

"ንጉሡ ማነው?" አሉ።

"አጭሩ ሰውዬ ነዋ፣ ቲቸር፤ መብረቅ የሚፈራው" አለ ሌሊሳ።

"አትቀልድብኝ። የማን ተዝካር ነው ይሄ?"

"ተዝካር አይደለም። አርባን ጉንፋን ይዞት ነው።"

"ታዲያ ዝሆኑ የታለ?"

"ድንኳን ውስጥ። ሰኞ ይወጣል።"

ዝሆን የሚለውን ቃል ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ ከእኛ አንዳችንም አላነሳንም። የጉደር ሰው ናቸው፤ አርባ ምን እንደሆነ ከእናታቸው ጡት ጋር ያወቁት ነው። "ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ያውቃሉ! ለሰውየው ይንገሩልን" አልኳቸው። ወደ በሩ ገልመጥ አደረጉና ወደ ሌሊሳ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ናን ቤካ፣ ጉርባ" አሉት። አውቃለሁ፣ ልጄ፣ ማለታቸው ነው። እንደ አባት ነበር የተናገሩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ በር ላይ ያለው እንዲሰማ አድርገው በአማርኛ፣ "እንዲህ ያለ ቅስቀሳ በእኔ ግቢ አይደረግም!" አሉ።

"ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ ወደ ክፍልሽ ግቢ። አባትሽን አውቀዋለሁ።"

እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ሌሊሳ ለዓመቱ ከትምህርት ታገደ፤ ማትሪኩም በዚያው አመለጠው። እናቱ ሽማግሌ ላከች። ኦቦ ደበላ ሽማግሌዎቹን ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉ፣ ሻይ አስመጡላቸው፣ "እሱ የእኔም ልጅ ነው" ብለው መርቀው ሸኟቸው። ምንም አልሆነም። አባቴም ሄዶ ተናግሮ ነበር፤ ሲመለስ፣ "ጊዜው ነው" አለና ራቱን ሳይበላ ተኛ። ፍርሃት አይገባኝም አልልም፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? ግን ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአንደኛው ሲያባብል በሌላኛው ሲፈርድ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ እስከ ዛሬም ያመኛል።

የሚቀጥለው ሰኞ ሰሌዳው ላይ ስለ ግቢ ጽዳት የሚናገር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘጠነኛ ክፍሎች ግን ገና አልሰሙም፤ መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ "አርባ ዳነ?" ይሉኛል።

ሌሊሳ ባኮ አጎቱ ዘንድ ሄደ። መጀመሪያ በቆሎ ተሸከመ፣ በኋላ ረዳት ሆነ፣ አሁን አይሱዙ ይነዳል። አምቦን ሲያልፍ ቤቴ ጎራ ይላል። ልጄ አንድ ቀን እርሳስ አምጥታ፣ "ሣልልኝ" ብትለው፣ እርሳሱን እጇ ላይ መለሰላትና፣ "እጄ መሪ ለምዷል፣ ይሰብርብሻል" አላት። እየሳቀ ነበር። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ቆምኩ።

እንግዲህ የሰኔው በዓል አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ኦቦ ደበላ አዩኝ። እጄን ይዘው ትከሻዬን ሳሙ፣ ስለ አባቴ ጠየቁ። እኔም ጎንበስ ብዬ አንቱ እያልኩ መለስኩ፤ አፍ የለመደውን አይተውም።

"ያ ሌሊሳ የት ደረሰ?" አሉኝ። "ምን ዓይነት እጅ ነበረው! የዚያን ዝሆን ዓይን እኮ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።"

"ባኮ ነው። በቆሎ ያመላልሳል።"

"ውይ! ምነው ሳይገፋበት?"

ከልባቸው ነበር ያዘኑት፤ ዓይናቸው ረጥቧል። ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ፈለግኩ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አላገኘሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔም ያን ሁሉ ዓመት ረስተውታል እያልኩ ነበር የምጽናናው። እሳቸው ግን የዝሆኑን ዓይን ሳይቀር ያስታውሳሉ። ረስተውት ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር።