በፈትል የታሰረ እግር

እህቴ ከባሏ ቤት የተመለሰች ሰሞን እናታችን ሁለት ነገር ከለከለቻት፤ የማሽላ ዘር መንካትና ዶሮ ማስታቀፍ። ጊዜው የጃንሆይ ነው። በኛ መንደር፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሳትወልድ የቆየች ሴት እጇ ያደርቃል ይባል ነበር። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ይለዋል። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ብቻዋን የያዘች፣ የሰው ወሬ የምትፈራ ሴት ነበረች። በዚህ በዚህ እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ።

የባሰው ግን እህቴ ራሷ ማመኗ ነው። ባሏ የሰደዳት "ቤቴን አደረቅሽው" ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ጥጥ መፍተል ብቻ ሆነ። "ጥጥ እንደሆነ የደረቀ ነገር ነው፤ ምን አደርገዋለሁ?" ትለኝ ነበር። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ ምላሴ ግን ከእኔ ቀድሞ የደረሰ ልጅ ነኝ። "አንቺ ደግሞ፣ ሟርት ቀለብሽ ሆነ እንዴ?" እላታለሁ። አትስቅም።

በዚያ ዓመት እናቴ ቀይዋን ዶሮ አስታቀፈች። እንደ ወጉ እንቁላሉን በጎደሎ ቁጥር አድርጋ፣ ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ከጭዱ ሥር ሚስማር ሸጉጣ ነው ያስቀመጠችው። ሊፈለፈል ሲቃረብ ጎብዬ ከተማ ያለ ዘመድ ሞተና ለለቅሶ ሄደች። ዶሮዋን ለእኔ አደራ ስትሰጠኝ፣ "እህትሽ እንዳትጠጋ" አለችኝ፤ እህቴ እየሰማች።

ዶሮዋ ጉድ ሠራችን። ቀድመው የወጡትን ጠንካሮቹን ይዛ ግቢውን ስትጭር ዋለች፤ ገና ቅርፊቱን የሚበሱትን እርግፍ አድርጋ ትታ። ብመልሳት አሻፈረኝ አለች። ጭዱ ላይ የቀሩት በቀዳዳው ምንቃራቸውን አውጥተው ይጮሃሉ። የቆላው ንፋስ ደግሞ እሳት ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ደርቆ ላያቸው ላይ ተጣብቋል። እኔም ልርዳ ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ደም መጣ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። "ተይው፣ ታደሚዋለሽ" አለች።

"እንግዲያ ነይ አንቺ አሳዪኝ።"

"እኔ አልነካም።"

ሌላውን አነሳሁ። ገና ጥፍሬን ሳሳርፍ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ።

እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ የምትደንቀኝ። ዘሩ እንዳይበላሽ ብላ በጎተራው በኩል እንኳ የማታልፈው ሴት፣ ለብ ያለ ውሃ አስመጣችኝ፣ ንጹህ ጨርቅ ነክራ ቅርፊቱ ላይ ጣል አደረገች፤ ከዚያ እጇን ሰብስባ ቁጭ አለች። "አሁንስ?" ብላት፣ "አሁን ሥራው የሱ ነው፤ ፋታ ስጪው" አለችኝ። ቆዳው እየራሰ፣ ጫጩቱ ገፋ እያደረገ፣ አረፍ እያለ፣ ከሰዓት በኋላ በራሱ ጊዜ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ወጡ እንጂ ጤና የላቸውም። የአንዱ ኩስ ቂጡ ላይ ደርቆ ደፍኖታል፤ ለስላሳ ላባውን ሳትነጭ፣ በለብታ ውሃ እያራሰች አጠበችው። የሌላው እግሮች ወዲያና ወዲህ ተከፍተው በሆዱ ተዘርግቷል። ከእንዝርቷ ላይ ፈትል በጠሰች፣ እንዳይቆርጠው ባዘቶ ጠቀለለችበትና ሁለቱን እግሮች አቀራርባ አሰረቻቸው። "ማን አስተማረሽ?" ብላት፣ "ማንም። ሲከፈት አየሁት፣ ሰበሰብኩት" አለች። መኝታቸው ባዘቶ የተነጠፈበት ቅል ሆነ፤ ምግባቸው የተቀቀለ አስኳል፣ በጣቷ ፈርፍራ። "እንዴ፣ ወንድሙን ለወንድሙ ታበያለሽ?" ብላት ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ደስታዬን እንዴት ብዬ ልናገር።

ከሁሉ ደካማዋ ግን በማግስቱ ሞተች። እህቴ መዳፏ ላይ ይዛት፣ "አላልኩሽም? ይኸው" አለች።

ነደድኩ። "እማዬ በየዓመቱ ስንት ጫጩት ነው የሚሞትባት? ፈንግል ገብቶ ግቢውን ሲጠርገው እማዬን እጀ ደረቅ ያላት አለ? ይቺም የሞተችው ዶሮዋ ጥላት ሄዳ ነው። ዶሮዋም እኮ ወልዳለች" አልኳት። እህቴ የሞተችውን አስቀመጠችና የቀሩትን በጣቷ ጫፍ ውሃ ማጠጣቷን ቀጠለች።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ባለ ፈትሉ ጫጩት ግቢውን ያቋርጥ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማለሁ፤ ታስሮ ሲሄድ ያየሁት ግን በእህቴ እጅ ነው። "ማነው የነካቸው?" አለች እናቴ። "እሷ ናት" አልኩ አፌን ሞልቼ። ጠብ ጠብቄ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫጩቱን አነሳች፣ ቋጠሮውን አገላብጣ አየች፣ ወደ እህቴም ዞር ብላ፣ "እስኪ እንዴት እንዳሰርሽው አሳዪኝ" አለቻት።

ወሬው መንደሩን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ሴቶቹ የታመመ ጫጩት በነጠላቸው ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ሲያሟት የከረሙት እነዚያው ናቸው። እኔ ብሆን ከደጅ እመልሳቸው ነበር። እሷ ግን ሁሉንም ተቀበለች፣ አሳየች፣ ሸኘች። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከኛ ቤት እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ማሽላው ከታጨደ በኋላ የባሏ ሽማግሌዎች መጡ። ከደጃችን ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። "ልጃችን ቁጣው በርዷል። ይቅር ብሏታልና ትመለስ" አሉ። በኛ ወግ እንዲህ ሲባል ሴቷ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፤ መልስ የሚሰጠው ወላጅ ነው። እህቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ "ይቅር ያለኝ ምን አጥፍቼ ነው?" አለች።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅየው ልጅሽን ገሥጪ በሚል ዓይን እናቴን አያት። እኔም እናቴን አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው አፍ ስትፈራ የኖረችው እናቴ፣ ከልጇ ጎን ቆመች።

"አባቶቼ፣ ልጄ የጠየቀችውን መልሱላት" አለች።