ከወንበሩ በኋላ

ሰፈሩ «ወንፊት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። አንድ ጠዋት «እንደምን አደርሽ?» ቢላት «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። እሱም «ይቺ ሴት ሰላምታንም ሳታጣራ አታሳልፍም» አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሷ ግን አልተቀየመችም። እንዲያውም «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሷ ተብሎ የተተረተ ይመስላታል። ወተት ሳታሸት አትገዛም። በሯን ቆልፋ ከሄደች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ ትገፋዋለች። ሐኪም «ምንም የለብሽም» ካላት ሌላ ሐኪም ትፈልጋለች።

የምትሠራው ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዎች ከቁም ሳጥን ሥር ያወጧቸውን አሮጌ የቪዲዮ ካሴቶች ያመጡላታል። ሠርግ አለ፣ ምረቃ አለ፣ ግቢ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሮጥ ሕፃን አለ። ማጫወቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ ታገናኝና ካሴቱን ትለቀዋለች። ይህ ሥራ ጥድፊያ አያውቅም፤ ካሴቱ እስኪያልቅ እሷም አብራ መቀመጥ አለባት። ከዚያ ረጅሙን ቪዲዮ እንደየነገሩ ትቆራርጠዋለች፤ ሠርጉን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ። በመጨረሻም በስልክ ወደሚከፈት ፋይል ትለውጠዋለች። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሰው ጓዳ ሲያዩ መዋል ለእንዲህ ያለ ጠባይ መድኃኒት አይሆንም፣ አባሰባት እንጂ። «ካሜራው ያላየውን እኔ አያለሁ» ትላለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ «ያልተደረገውንም ጭምር» ይላል።

ታላቅ ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጋሼ ትለዋለች። እናታቸውን ያስታመመው እሱ ነበር፤ አሁንም ከልጁ ጋር በእናታቸው ቤት ይኖራል። ወንፊት ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ትሠራ ስለነበር የደረሰችው ለቀብር ብቻ ነው። ይህ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀርቷል። እሱም አንስቶባት አያውቅም፤ እሷ ግን አለማንሳቱንም ትጠረጥረዋለች።

አንድ ቀን ጋሼ ሳይታሰብ ሥራ ቦታዋ ብቅ አለ። በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት ብብቱ ሥር ወሽቋል።

«እህት ዓለም፣ ይቺን ሥሪልኝ።»

«ምንድን ናት?»

«እማዬ ናት። መጀመሪያው ላይ የልጄ ልደት አለ፤ እሱን ለሁላችንም አድርጊልን። ከዚያ እማዬ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከወንበሩ በኋላ ያለውን ግን ለብቻው ቁረጪና ለእኔ ብቻ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። አንቺም ባታይው ደስ ይለኛል።»

«እንዲሁ የሚባል ነገር የለም፣ ጋሼ።»

«አለ እንጂ። ካሴቱ እየሻገተ ነው፣ ካሜራው ተሰብሯል። ሌላ ጋ እንዳልወስደው እማዬን ባዳ እንዲያያት አልፈልግም። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝጊና ፊትሽን አዙሪ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችለት። እሱም አንዴ እንኳ መለስ ብሎ ሳያያት ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ገና ከበሩ ሳይርቅ ለታናሽ እህቷ ደወለች። ታናሽየዋ አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲያንስ መጨመር፣ ሲበዛ ማማሰል ትችልበታለች።

«ስለ ቤቱ ነዋ!» አለች ታናሽየዋ። «እማዬ ቤቱ ለማን እንደሆነ ተናግራ ይሆናላ። አለዚያ ምን ያስደብቀዋል?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እሳቱ ላይ ጋዝ ተጨመረበት። እውነቱን ለመናገር ግን ወንፊትን ያንገበገባት ቤቱ ብቻ አልነበረም። ተወልዳ ያደገችበት ቤት ነው፤ መቼም ታስበዋለች። ከዚያ ይልቅ እናቷ በመጨረሻዋ ሰዓት ስሟን አንስታ እንደሆነ፣ ሳትቀየማት ሞታ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ያ ቃል ካሴቱ ውስጥ ካለ፣ ጋሼ ነጥቋታል ማለት ነው።

ሻጋታውን በቀስታ ጠርጋ ካሴቱን ለቀቀችው። ፊኛ፣ ጩኸት፣ የሚገፋፉ ልጆች። እናቷ ጥግ ላይ ቆማ፣ ሰዉ ማጨብጨቡን ሲያቆም እሷ ትጀምራለች። ከዚያ ምስሉ ተናወጠና መስኮቱ መጣ፤ ከሥሩ ወንበሩ፤ ወንበሩ ላይ እናቷ። ወንፊት ድምፁን ዘጋች። ስክሪኑን በሻርፗ ሸፈነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን በእውነት አድርጋዋለች፤ አይካድም። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ የግድግዳውን ስንጥቅ ስታይ ቆየች።

መቁረጡ ላይ ነው ጉድ የፈላው። ወንበሩ የመጣበትን ቦታ ለማግኘት ሻርፑን ማንሳት ነበረባት። ፕሮግራሙ ቪዲዮውን በጥቃቅን ሥዕሎች ይደረድረዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው ሲናገር ከፍ፣ ዝም ሲል ዝቅ የሚል የድምፅ መስመር አለ። በሥዕሎቹ ላይ እናቷ ጣቷን ቀስራለች። መስመሩ ላይ አንዱ ረዘም አድርጎ ይናገራል፣ ሌላው አጠር አድርጎ ይመልሳል፤ ደግሞ ረዥም፣ ደግሞ አጭር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይነግረውም። ለወንፊት ግን ስንት ዓመት ያነበበችው ጽሑፍ ነው። «ኑዛዜ ነው!» አለች። «እማዬ ታዝዛለች፣ እሱ እሺ ይላል። እሺ ብሎ ነው የካደን!»

ቃሉም መሐላውም እዚያው ቀረ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋችው።

«ቁም ሳጥኑን ቆልፈው» ትላለች እናቷ። «ያቺ ልጅ ትመጣለች።»

«የትኛዋ ልጅ፣ እማዬ?» ይላል ጋሼ ከካሜራው ጀርባ።

«ትልቋ ልጄ ናታ! ወርቄን የወሰደችው። አዛኝ መስላ ትመጣና ቤቱን አራግፋ ትሄዳለች። ሌባ ናት!»

«እሷ አይደለችም፣ እማዬ። ወርቅሽ ይኸው እጅሽ ላይ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ ምነው ባዕድ እንደሆነ በቀረ! ትልቋ ልጅ ራሷ ወንፊት ናት። እናቷ እጇን አየት አድርጋ ረሳችውና እንደገና ከቁም ሳጥኑ ጀመረች፤ ያቺ ልጅ፣ ያቺ ሌባ። ጋሼም እንደገና «እሷ አይደለችም፣ እማዬ» አለ። መሀል ላይ «ለሐኪሙ ላሳየው ነው የምቀርጸው» ሲል ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተሰማ። እናት ደጋግማ ከሰሰች፣ ወንድም ደጋግሞ መለሰ፤ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይሰለች። መጨረሻ ላይ እናቷ ካሜራውን ትኩር ብላ አየችና «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ? ደግ ሰው ትመስላለህ» ብላ ሳቀች። ያ ሳቅ ከበሽታው በፊት የነበረው ሳቋ ነው። ጋሼ ለምን እንዳላጠፋው ያን ጊዜ ገባት።

መጀመሪያ እናቷን ተናደደችባት። ቀጥሎ አለቀሰች። ለጥቆ የመጣው ግን እፍረት ነው፤ ጠባይዋን ከማን እንደወረሰችም እግረ መንገዷን አየች። ስልኩ ጮኸ።

«ምን አለች?» አለች ታናሽየዋ።

«ስለ ቤቱ ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ቆርጦት ቢሆንስ?»

ወንፊት ሳትሰናበታት ስልኩን ዘጋች።

በማግሥቱ ጋሼ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። «አላየሁም» የምትለውን ቃል ከጠዋት ጀምራ ስትለማመድ ነበር። እሱ ግን አልጠየቃትም። ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተና «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ቢጠይቃት ኖሮ ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሸው ነበር።

«ጋሼ፣ አይቼዋለሁ።»

ቆመ። «እስከ የት?»

«እስከ መጨረሻው።»

«በሽታው ነው እኮ። እሷ ብትሆን እንዲህ አትልም፤ በሞቴ፣ ሆድሽ እንዳይገባ።»

«እሷንስ ተውኳት። እኔ የሰማሁት አንተን ነው።»

ተመልሶ የደንበኞች መቀመጫ ላይ ዐረፍ አለ። «ምን መስሎሽ ነው ያየሽው?» አላት።

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ቤቱን የወሰድክብን መስሎኝ» አለች።

ፊቱ ጠቆረ። ተቆጥቶ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ እሱ ግን ቁጣ የለውም፣ እዚያ ካሴት ላይም አልነበረውም።

«እማዬን ታማ ነው ብዬ አለፍኳት» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ምን ብዬ ልለፍሽ?»

ይህን ብሎም አልተነሣም። አንድ ደንበኛ ካሴቶቹን አቅፎ በሩን ሲያንኳኳ ወንፊት «ዛሬ ሥራ የለም» አለችው፤ ወንበሯንም ስባ ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች።