ለእትዬ ለተሥላሴ ቃል የተገባ መዝሙር

ወንጌላዊ ባህሩ አፍደም የገባው በባቡር ነበር። የአሰላ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸልየውለት፣ "ሂድና ቤተ ክርስቲያን ትከል" ብለው ሸኙት። ከፉርጎው ሲወርድ ሻንጣውን የተቀበለው ሂርሲ የሚባል የጣቢያ ተሸካሚ ነው።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለው ሂርሲ።

"ቤተ ክርስቲያን ልተክል።"

ሂርሲ መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አድርጎ አየው። "ዋር፣ እዚህ እኮ ሽንኩርትም እምቢ ብሏል።"

ዋር ማለት በሶማልኛ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂርሲ "ዋር ቄሱ" ይለዋል፤ ባህሩ "ቄስ አይደለሁም" ይላል፤ ሂርሲም "እሺ ቄሱ" ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ሁለቱም ሸበቱ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ነበሩ። የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ ከመሀል አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና ወታደሮች እሁድ እሁድ አንዲት የኪራይ ቤት ሞልተው ይዘምሩ ነበር። በስብከት መሀል ባቡር ሲመጣ ባህሩ ዝም ይላል። ፊሽካው፣ የግድግዳው መንቀጥቀጥ፣ የሻጮቹ ጩኸት እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቅና ካቆመባት ቃል ይቀጥላል።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። በአንድ ቀን አልነበረም፤ እንደ በሽተኛ ትንፋሽ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ነው። ሠራተኞቹ ወደ ድሬዳዋ ተነሡ፤ አስተማሪዎቹ ዝውውር አገኙ፤ ጦሩም ሌላ ቦታ ሄደ። የባህሩ ሥራ መሸኘት ሆነ። ለሚሄደው ይጸልያል፣ ሻንጣውን ይዞ እስከ መኪናው ያደርሰዋል፤ ሰውየውም የማይጫን ዕቃውን ትቶለት ይሄዳል። ቤቱ አግዳሚ ወንበር፣ እግሩ የወለቀ አልጋ፣ ክር የሌለው ክራር ሞላበት። ሰዎቹ ሄደው ዕቃቸው የቀረበት ጉባኤ ነበር።

እሱ ግን በየማለዳው ይወጣል። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሂርሲ በአህያ ጋሪ ውኃ ስለሚሸጥ ጀሪካኑን ከእሱ ያስሞላል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ በተሰባበረ ሶማልኛው ያወራል። ከአገሬው ሰው የእሱን ቃል ሰምቶ እምነቱን የለወጠ አንድም አልነበረም። ይወዱታል፤ ግመላቸው ሲታመም "ያንተንም ጸሎት ጨምርበት" ይሉታል፤ ከዚያ አያልፍም። አሰላ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ "ስንት ሆናችሁ?" ብለው ይጠይቁታል። እሱም ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራል።

በመጨረሻ የቀረችው እትዬ ለተሥላሴ ብቻ ነበረች። ባሏ ቀለምወርቅ ባቡሩ መስመር እንዲለውጥ ሃዲዱን የሚያዞረው ሰው ነበር። ባቡር በሚጠብቅባቸው ሰዓታት አንድ መዝሙር ሠርቶ ነበር፤ ዜማውን ያወጣው ከመንኮራኩሩ ምት ነው ይላሉ። ከሚስቱ በቀር በወጉ የሚያውቀው አልነበረም፤ እሷም ፀሐይ ስትጠልቅ በየቀኑ ትዘምረዋለች። ቤቷ የግመል ወተት ከምትሸጠው ከኢልሀም ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ኢልሀም "ኤዶ" ትላታለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። "ኤዶ ዛሬ ዘገየሽ፣ ልጄ አልተኛም አለኝ" ብላ በግድግዳው በኩል የምትጮህበት ምሽት ነበር።

ቀለምወርቅ የሞተው የባቡሩ ሥራ ከመቆሙ በፊት ነው። ከድሬዳዋ አንድ ፉርጎ ሙሉ መዘምራን መጥተው ከጣቢያው እስከ መቃብሩ እየዘመሩ ሸኙት። እትዬ ለተሥላሴ ያንን ቀን አልረሳችውም። የምትፈራው ሞትን አልነበረም፤ በዝምታ መቀበርን ነው።

"እንደ ዕቃ ዝም ብለው ይከቱኛል" አለችው ባህሩን አንድ እሁድ፣ ሁለት ሆነው አምልኮ ሲጨርሱ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ ያለ መዝሙር አይቀበሩም፣ እትዬ። ቃሌ ነው።"

"አንተ ነህ የምትዘምረው?" ሳቋ ሳል ሆነባት። "ያንተን ድምፅ የሂርሲ አህያ ሲሰማ ጋሪውን ይዞ ይጠፋል!"

ባህሩም ሳቀ። እውነቷን ነበር።

በዚያው ዓመት በሰኔ ታማ ተኛች። የጤና ጣቢያው ነርስ ድሬዳዋ ይውሰዷት አለ፤ እሷ እምቢ አለች። ባህሩ ቃሉን አሰበ። በቁሟ ልትሰማቸው ትችላለች፣ ካልሆነም ይቀብሯታል ብሎ መዘምራን ሊያመጣ ድሬዳዋ ለመሄድ ቆረጠ። ሲነሣ ኢልሀምን "አደራ" አላት። ኢልሀም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "እናቴ ናት" አለች።

ያልነገራት አንድ ነገር ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹ ዘንድ ሬሳ ሰው ይጠብቃል፤ ከሩቅ የሚመጣ ወንድም እስኪደርስ፣ መዘምራኑ እስኪሰበሰቡ ያድራል። ይህ ለባህሩ እንደ ቀንና ሌሊት የታወቀ ስለሆነ መነገር ያለበት አልመሰለውም።

ድሬዳዋ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አምስት መዘምራን ተነሣን፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። ሽንኩርት አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ተጫንን። ባህሩ ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ አጫወተን፤ የቀለምወርቅንም መዝሙር ሊያስተምረን ሞከረ። ቃሎቹን በደንብ ያውቃቸዋል። ዜማው ግን በጉሮሮው ውስጥ ሲያልፍ ይሰበራል፤ ሁለቴ ሲለው ሁለት ዓይነት ይሆናል። እኛ የተሰበረውን ለቃቅመን አንድ ነገር ሠራን። "እንዲህ ነው?" ስንለው "ይመስለኛል" አለ፣ ወደ በረሃው እያየ። የትም ያልዘነበ መስሎን ሳለ ከሐረርጌ ተራሮች የወረደ ጎርፍ ደረቁን አሸዋ ወንዝ አድርጎት አገኘነው። ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ መሬት ሲጎርፍ አይቼ አላውቅም ነበር። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ አደርን። ወደ አፍደም ስልክ ሞከርን፤ መስመር አልነበረም።

በማግስቱ ከተማው መግቢያ ላይ ሂርሲ ከነጋሪው ቆሞ አገኘነው። ባህሩ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

"እንዴት ናት?"

"አረፈች" አለ ሂርሲ። "ትናንት ጠዋት። አታስብ፣ ሁሉንም ጨርሰናል። ከቀትር በፊት አፈር ለበሰች። ከባሏ ጎን ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የቆፈርኩት።"

ውዳሴ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው። እጆቹ ውኃ ቋጥረው ነበር።

"ትናንት?" አለ ባህሩ። "አንድ ቀን! አንድ ቀን መጠበቅ አቃታችሁ?"

ሂርሲ ግራ ገባው። "ለምን? ትነሣ ነበር?"

ስለ ትንሣኤ ያን ሁሉ ዓመት የሰበከው ሰው ፊቱን አዞረ። ሂርሲ ነገሩ ቁጣ መሆኑን ያኔ ገባው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዋር ባህሩ፣ ሬሳ ማሳደር እኛ ዘንድ ነውር ነው። ዘመድ የላትም ብለን እንድትጉላላ አልፈለግንም። መስቀል ልናቆምላት ሁለት እንጨት አሰርን፣ ከዚያ አሠራሩን ባናውቅበትስ ብለን ተውነው።"

"ቄሱ" አላለውም። በስሙ ጠራው። ከሁሉ ይልቅ ያ የባህሩን አንገት የሰበረው መሰለኝ።

ወደ መቃብሩ ሄድን። የቀለምወርቅ መቃብር ራስጌ ላይ ቁራጭ ሃዲድ ቆሟል፤ አጠገቡ አዲሱ አፈር በድንጋይ ተከቦ፣ እሾህ ተከምሮበት፣ ጅብ እንዳያገኘው በጥንቃቄ ተሠርቷል። እኛ ልጆቹ ቆምን፤ የመጣንበትን መዝሙር ጀመርን። ነፋሱ ድምፃችንን ከአፋችን እየነጠቀ ወሰደው። ግራር ሥር ሴቶች ቆመው ነበር። ስንጨርስ ከመሀላቸው አንዷ ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ።

"እሷ ናት" አለን ሂርሲ። "ኢልሀም ናት ያጠበቻት።"

ባህሩ ወደ እሷ ሄደ። ኢልሀም ሻሿን አስተካከለች። አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

"እንደዚያ አይደለም" አለችው።

"ምኑ?"

"የዘመራችሁት። የኤዶ እንደዚያ አይደለም። መሀሉ ላይ ከፍ ይልና ይወድቃል፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው።" አፈረች። "ሳጥባት ብዬላታለሁ። ቃሉን አላወጣሁም፣ ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማውን በአፍንጫዬ ብቻ። በዝምታ መቀበርን እንደምትፈራ አውቃለሁ፣ በግድግዳው ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። አጠፋሁ?"

አንዱ ጓደኛችን "እስቲ እንስማው፣ እህቴ፣ አርመን እንድገመው" አላት። ኢልሀም አፏን ከፈተች። ትላለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነችው።

"የሷ ነው" አለች። "ለሷ አልኩት። አበቃ።"

ማንም አልለመናትም። ባህሩ ራሱ ሊለምናት እንደፈለገ ከንፈሩ ይናገር ነበር፤ ግን ተወው። ወደ መቃብሩ ተመልሶ ሁለቱን የታሰሩ እንጨቶች ከጥግ አነሣና ራስጌዋ ላይ ተከላቸው። መሬቱ ድንጋያማ ስለነበር ሂርሲ በዶማው ረዳው።

ወደ ድሬዳዋ የሚመልሰን መኪና የተገኘው አመሻሽ ላይ ነበር። ባህሩን አብረን እንሂድ አልነው፤ ቤቷን ልዘጋ ብሎ ቀረ። ከከተማው ስንወጣ ፀሐይዋ ወርዳ ነበር፤ ሂርሲ ያሳየን የእትዬ ለተሥላሴ በር ገርበብ ብሎ ታየኝ። ውስጥ፣ ባዶው ወለል ላይ፣ ወንጌላዊ ባህሩ የጋራውን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ጆሮው ወደ ኢልሀም ቤት ነበር። ከወዲያ በኩል ሕፃን ያለቅሳል።