ያላበው ቅጠል

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስትጋግር የጋለ ቅጠል ሽታ መጣብኝና፣ በልጅነቴ እናቴን ምጥ ይዟት ከሸኮ ወደ ሚዛን ከተማ የሄድንበት ቀን ትዝ አለኝ።

ዝናብ ነበር። አባቴ የነጋዴ መኪና ለምኖ አሳፈረን። በእኛ አገር ከዝናብ የሚሸሸግ ነገር ሁሉ የሚለብሰው ኮባ ነውና፣ ሾፌሩ ዞር ሲል አባቴ ሞተሩንም በኮባ ቅጠል አለበሰው። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ተንተፋተፈችና ቆመች። ሾፌሩ ቤንዚኑን አየ፤ ሞልቷል። ኮፈኑን ሲከፍት ቅጠሉ ተቀቅሎ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው የካንዴላው ገመድ ርሷል።

«ዝናቡ መች ገባ! ቅጠሉ ነው ያላበው። የትኛው ብልህ ነው ይሄን ያለበሰው?» አለ።

አባቴ አቀረቀረ። እናቴ ከውስጥ እያቃሰተች፣ «እኔ ነኝ አልብሰው ያልኩት። ይልቅ ጥረገው ወንድሜ፤ ልጁ አይጠብቅህም» አለችው።

አባቴን አልብሰው አላለችውም፤ አጠገቧ ነበርኩ። ለምን እንደዋሸች ያኔ አልገባኝም።

ሾፌሩ በእናቴ ነጠላ ገመዱን አድርቆ መኪናዋን አስነሳት፤ እህቴም ሚዛን ሆስፒታል በሰላም ተወለደች።

እናትና አባታችን ዛሬ የሉም። እህቴ ግን «እማዬ ባስለበሰችው ቅጠል መንገድ ላይ ልወለድ ነበር እኮ!» እያለች ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ የማን ሐሳብ እንደነበር አልነገርኳትም።