የሳምሶን ጣፊያ

ዳልጮን ግድ የለሽ የምትሉ፣ ተዉት! የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነው፤ እጁ የረጋ፣ ቃሉ አንድ። እኔ ልክነሽ፣ አብሬው የሠራዊቱ ጤና ረዳት ስለነበርኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የምነግራችሁ ግን ያጠፋውን ነው።

በ1991 የድንበሩ ጦርነት ሲከፋ ስምንታችንን አርባ ምንጭ አጠገብ ካለ ካምፕ ሰብስበው አልትራሳውንድ አስተማሩን። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቶሎ ከታየ ቁስለኛው ኦፕራሲዮን ገብቶ ይተርፋል። ቁስለኛ ስላልነበረን በየተራ እየተጋደምን እርስ በርሳችን ተለማመድን። ከሁሉ የሚፈለገው የባልደረባችን የሳምሶን ሆድ ነበር። የቆላው የጫኖ ልጅ አይደል፣ ወባ ከሕፃንነቱ እየተመላለሰችበት ጣፊያው አብጦ ቀርቷል። "ኧረ ሆዴን ፈጃችሁት!" እያለ ይስቅ ነበር። ዳልጮ ያንን ጣፊያ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

አንድ ጠዋት ሳምሶን ከኦራል መኪና ላይ ወድቆ ግራ ጎኑን ይዞ መጣ። መምህራችን ሻለቃው ለስብሰባ ሄደዋል። ዳልጮ የአልትራሳውንዱን ቅባት ቀብቶ አየውና "ያው የምናውቀው ጣፊያህ ነው፤ ምንም የለህም" አለው። ከጣፊያው ሥር፣ ኩላሊቱ ጋ ያለውን፣ የፈሰሰ ደም የሚጠራቀምበትን ቦታ አላየም። መቶ ጊዜ ያየው ሆድ ነዋ! እኔም አጠገቡ ቆሜ "እዚያም እይ" አላልኩትም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። የቡድን መሪያችን "ለማንኛውም ሆስፒታል ሂድ" ብሎት ነበር። ሳምሶን "ዳልጮ አይቶኛል" ብሎ ተኛ።

ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆነ። ተሸክመነው ብንሮጥም ሆስፒታሉ በር ላይ አረፈ። ጣፊያው ፈንድቶ ነበር።

ለለቅሶ ጫኖ ስንሄድ መንገድ ላይ "አደራህን፣ እዚያ ምንም እንዳትናገር። የሞተ አይመለስ" አልኩት።

የሳምሶን እናት እማማ ሻሺቱ እያለቀሱ የዳልጮን እጅ ያዙ።

"በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ አሉ። ልጄን ብቻውን ስላልተውከው እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ዳልጮ ዞር ብሎ አየኝ። ዝም እንዲል በዓይኔ ለመንኩት።

"እማማ" አለ፣ "ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ማየት የኔ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ባየው ኖሮ ይተርፍ ነበር።"

እማማ ሻሺቱ እጁን ለቀቁትና መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።